ፓምፑን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የድሮ መዋኛ ገንዳ ቧንቧን እንደ አዲስ መዘርጋት

የገንዳ ውሃ ሲደፈርስ ባለቤቶች የሚያዙት አንድ ነገር ነው፦ «ትልቅ ፓምፕ ግጠምልኝ»። ቢሾፍቱ ያለ የአንድ ሎጅ ባለቤትም ይህንኑ ነበር ያሉኝ። «ጋሼ፣ ፓምፑ ደህና ነው፤ ችግሩ ከገንዳው ወደ ፓምፑ የሚመጣው ቱቦ ላይ ነው» ስላቸው ብዙም ደስ አላላቸውም፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ ማየት ፈልገው ነበር። የፓምፑ ክፍል ውስጥ ያለው የተለመደው ነው፦ ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ፣ ዞሮ ዞሮ የማይዘጋ ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ)፣ በጎማና በሽቦ የተጠመጠመ ማኒኮቶ (ሁለት ቱቦ የሚያገናኝ ዕቃ)፣ መርፌው ዜሮ ላይ የደረቀ የግፊት መለኪያ። እንዲህ ያለ ክፍል የተረከባችሁ ካላችሁ እኔ የምሠራው እንደሚከተለው ነው።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ፓምፑን አስነስታችሁ ተመልከቱ። ፓምፑ አፍ ላይ ያለው የቆሻሻ ማጥለያ ክዳኑ መስታወት መሰል ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ውሃው ሞልቶ ካልቆመና አረፋ ከተንቀለቀለ ፓምፑ ከውሃ ጋር አየር እየሳበ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ከገንዳው ወደ ፓምፑ የሚመጣው የመሳቢያ ቱቦ ቀዳዳ ካለው ፓምፑ እየሠራ ሳለ ውሃ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ። ስለዚህ እርጥብ ቦታ ስትፈልጉ ብትውሉ አታገኙም። የጺም መላጫ አረፋ ወይም ወፍራም የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ላይ ቀቡ። አረፋው ወደ ውስጥ የሰረገበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው። ከክዳኑ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ጀምሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው። ኦሪንጉን የሲሊኮን ቅባት ቀቡት። ቫዝሊንና የመኪና ግሪስ ግን ጎማውን ስለሚያሳብጡት አይሆኑም።

አረፋ ሳይኖር ፊልተሩ ላይ ያለው ግፊት ዝቅ ካለ መሳቢያው ጠቧል ወይም ተዘግቷል። ግፊቱ ከፍ ካለ ደግሞ ፊልተሩ ውስጥ ያለው አሸዋ ቆሽሿል፣ ካልሆነም ወደ ገንዳው በሚመልሰው ቱቦ (መመለሻው) ላይ የተዘጋ ቫልቭ አለ። ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ከተንኳኳ ቸኩላችሁ የሞተሩን ኩሽኔታ አትቀይሩ፤ ውሃ አጥሮት ሊሆን ይችላል።

ይህ የውሃ እጥረት እኛ አገር ደጋና ወይናደጋው ላይ ይብሳል። ፓምፕ ውሃን «የሚስበው» በከባቢው አየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ያነሳል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ያላት 8 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ8 ይወርዳል። ጎሚቶው (የቱቦው መታጠፊያ)፣ ዝገቱና የጠበበው ቱቦ የሚቀንሱትም ከዚህች ላይ ነው። ሞተሩም ቢሆን ደረጃው የሚወጣለት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዘውም። በጠበበ ቱቦ ላይ ትልቅ ፓምፕ መግጠም እንግዲህ ችግሩን በገንዘብ ማባባስ ነው።

አሁን ልኩን እናውጣ። የሎጁ ገንዳ 10 ሜትር በ5 ሜትር ነው፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5፤ ስለዚህ 75 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ውሃው በ6 ሰዓት አንድ ጊዜ ተጣርቶ እንዲመለስ ካስፈለገ ፓምፑ በሰዓት 12.5 ሜትር ኩብ መግፋት አለበት። በመሳቢያ ቱቦ ውስጥ የውሃው ፍጥነት በሴኮንድ ከ1.5 ሜትር ባያልፍ ጥሩ ነው፤ በመመለሻው እስከ 2 ይቻላል። ባለ 50 ሚሊሜትር የግፊት ፒቪሲ ብትዘረጉ ፍጥነቱ ወደ 2.2 ይደርሳል፣ ለመሳቢያ አይሆንም። ባለ 63ቱ 1.4 ገደማ ይሰጣል፣ ያስኬዳል። ባለ 75ቱ ከ1 በታች ያወርደዋል። እኔ መሳቢያውን በ75፣ መመለሻውን በ63 ነው የዘረጋሁት። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ሞተር ማስጠምጠሚያ ያንሳል።

ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደውን የፕላስቲክ ቱቦ) የለመዳችሁ የቧንቧ ባለሙያዎች እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። የፒፒአር ቁጥር የውጩ ስፋት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው። ባለ 63 ፒኤን 20 (ፒኤን የግፊት ደረጃው ነው) ፒፒአር ውስጡ 42 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ባለ 63 ፒኤን 10 ፒቪሲ ግን 57 ነው። ከውጭ ሲታዩ እኩል ናቸው፣ የሚያሳልፉት ውሃ ግን አይገናኝም። ለፍሳሽ የሚሸጠውን ስስ ፒቪሲም እንዳትገዙ፤ ላዩ ላይ የግፊት ደረጃው የታተመበትን ምረጡ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፍታችሁ ሳጥኑን ቆልፉ፣ ክፍሉን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ቱቦ ከየት እንደሚመጣ በጠመኔ ጻፉበት። ገንዳውን ባዶ ማድረግ ግን አያስፈልግም። በተለይ በክረምት፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ባለበት ጊዜ ባዶ ገንዳን ከታች ያለው ውሃ ገፍቶ ሊያነሳውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ይልቅ ስኪመሩን (ከውሃው ገጽ ላይ የሚስበውን አፍ) እና መመለሻዎቹን ከገንዳው ወገን በሚጠብቅ የጎማ ውታፍ ዝጉ።

አሮጌውን ጋልቫናይዝድ በሰጌቶ ስትቆርጡ ውስጡን ለባለቤቱ አሳዩ። ጋሼ ጣታቸውን አስገብተው የውስጡን የኖራና የዝገት ቅርፊት ሲነኩ ነው ክርክሩ ያለቀው።

አዲሱን ስትዘረጉ መሳቢያው ወደ ፓምፑ ቀስ እያለ ከፍ ማለት አለበት፤ መሃል ላይ ጉብታ ካለው አየር እዚያ ይጠራቀማል። ፓምፑ አፍ ላይ ጎሚቶ አትለጥፉ፤ ለባለ 75 ቱቦ ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቁራጭ ይቅደም። የስኪመሩም የታችኛው መምጠጫም ለየራሳቸው ቦል ቫልቭ ይኑራቸው። ከፓምፑና ከፊልተሩ ግራና ቀኝ ዩኒየን (ቱቦ ሳይቆረጥ የሚፈታ መጋጠሚያ) አስገቡ፣ ነገ ለሚፈታው ሰው እዘኑለት። የፕላስቲክ ሴት ጥርስ ውስጥ የብረት ወንድ ጥርስ ማጥበቅ መሰንጠቅ ነው፤ መገናኘት ካለባቸው ፕላስቲኩ ወንድ ይሁን፣ በቴፍሎን ይጠቅለል፣ በእጅ ጠብቆ ትንሽ ብቻ ይጨመርለት።

የማጣበቁ ነገር ላይ ልቆይ። ፒቪሲን በእሳት አሙቆ አፉን አስፍቶ ሌላውን ቱቦ መክተት በየቦታው ይሠራል፤ እኔ አልወደውም። የተለጠጠው ግድግዳ ይሳሳል፣ ውስጡም ይጣመማል። ማኒኮቶ ግዙ። ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጠርዙን በሞረድ አዙራችሁ አለስልሱ፤ ስለታም ጠርዝ ኮላውን ጠርጎ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ደረቁን ገጥማችሁ እስከ የት እንደሚገባ በእስክሪብቶ አስምሩ። ሁለቱንም ወገን በማጽጃው ጥረጉ፣ ሁለቱንም ኮላ ቀቡ፣ እስከ መስመሩ ግፉና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዛችሁ ቆዩ፤ ካልያዛችሁት መልሶ ይወጣል። ግፊት ከመስጠታችሁ በፊት 24 ሰዓት ይደር። ባለቤቱ «ማታ እንግዳ አለብኝ» ቢሉም ይደር።

ፍተሻው በውሃ ነው፣ በአየር በፍጹም። የታመቀ አየር ፒቪሲን ሲሰብር ስብርባሪው ሰው ይጎዳል። መስመሩን ሞልታችሁ አየሩን አስወጡ፣ እስከ 2 ባር ግፉና መርፌው መውረድ አለመውረዱን ተመልከቱ። መጋጠሚያው ሳይታይ አፈር አታልብሱት።

ፊልተሩ ላይ ያለው ባለ ስድስት ቦታ ቫልቭ ራሱ ይናገራል። እጀታው «ማጣሪያ» ላይ ሆኖ በፍሳሽ ቱቦው ውሃ ከተንጠባጠበ የውስጡ ኮከብ መሰል ጎማ አርጅቷል። አሸዋ ወደ ገንዳው ከተመለሰ ደግሞ ከታች ያሉት የማጥለያ ጣቶች ተሰብረዋል። ፓምፑ እየሠራ እጀታውን ማዞር ጎማውን ይበላዋል። አሸዋ ስትቀይሩ መሃል ያለውን ቱቦ አፉን በፌስታል ሸፍኑ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ሙሉ፣ ከዚያ አሸዋውን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ውሃው ጣቶቹን ከክብደቱ ያድናቸዋል። አሸዋው ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ የማጣሪያ አሸዋ ይሁን እንጂ የግንባታ አይሁን።

ታች ያለው መምጠጫ አንድ ብቻ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትለፉት። አሜሪካ ውስጥ በ2002 ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የተባለች የ7 ዓመት ልጅ መምጠጫ ይዟት ሰጥማ ሞታለች፤ በ2007 በስሟ ሕግ ወጥቷል። መፍትሔው ቢያንስ አንድ ሜትር የተራራቁ ሁለት መምጠጫዎች በቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) ተገናኝተው፣ ጎበጥ ያለ ክዳን በቡሎን ሲታሰርባቸው ነው። ሎጁ ላይ ያለው አንድ ብቻ ስለነበረ ቫልቩን ዘግቼ ገንዳው ከስኪመሮቹ ብቻ እንዲስብ አድርጌዋለሁ፤ ሁለተኛው በበጋ ይቆፈራል።

ኤሌክትሪኩን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡ። ኧርዝ፣ የ30 ሚሊአምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያቋርጥ መከላከያ)፣ መብራት ሲዋዥቅ ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያ ይኑረው።

ስታስነሱ ማጥለያውን ውሃ ሙሉ፣ አዲሱን አሸዋ ፍሳሹ እስኪጠራ በግልባጭ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ «ማጣሪያ» መልሱ። መርፌው የቆመበትን ግፊት ፊልተሩ ላይ በማይለቅ ማርከር ጻፉት። ከዚያ ቁጥር 0.5 ባር ሲጨምር የጥገና ሠራተኛው ያጥባል፤ ዕለት ዕለት መታጠብ የለበትም። የክሎሪን መጨመሪያው በመመለሻው መስመር ላይ የመጨረሻው ዕቃ ይሁን፣ ከፊቱም ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ) ይግባለት። የክሎሪን ባልዲዎቹን ደግሞ ከክፍሉ አውጡ፤ ጋዛቸው ሞተሩንና ብሬከሩን ይበላል። የዱቄቱንና የእንክብሉን ክሎሪን ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ሁለቱ ክሎሪኖች ከተቀላቀሉ ሊፈነዱ ይችላሉ።