የሪሊዝ ቀን ሳይዋሽ፣ ሶፍትዌሩም ሳይበላሽ፦ መርሐ ግብርንና ጥራትን አብሮ ማስኬድ እንዴት ይቻላል?

ሪሊዝ፣ ማለትም የሶፍትዌር አዲስ እትም (ቨርዥን) መለቀቅ፣ ቢዘገይ ተጠቃሚ ይታገሳል። የማይታገሰው፣ ቡድኑ በሙሉ «አይደርስም» እየተባባለ የድሮው ቀን በድረ ገጹ ላይ እንደተሰቀለ ሲቀር ነው። ያንን ቀን አምኖ ሰርቨር ለመቀየር የተዘጋጀ፣ ሥልጠና የጠራ፣ ትርጉም የጀመረ ሰው አለ። ስለዚህ የታተመውን ቀን የሶፍትዌሩ አንድ ክፍል አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ስህተት ሲገኝበት እንደ ኮዱ ይታረማል።

ደረጃ 1፦ የሚለጠጠውን ምረጡ

ቀኑን፣ የአዲስ ሥራውን ብዛትና ጥራቱን ሦስቱንም አጥብቆ መያዝ አይቻልም። ኡቡንቱ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀኑን ይዞ ሥራውን ይቀንሳል፤ በየዓመቱ ኤፕሪልና ኦክቶበር ላይ ይወጣል፣ የቨርዥን ቁጥሩም ዓመቱና ወሩ ነው። ሌላው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዴቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ ለማውጣት ቢያልምም የሚለቀቀው ሲደርስ ነው። ሁለቱም መንገዶች ያስኬዳሉ። የማያስኬደው አንዱን እያወሩ ሌላውን መሥራት ነው። የመረጣችሁትን በመርሐ ግብሩ ገጽ አናት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ምርጫችሁ ቀን መያዝ ከሆነ ዑደቱን፣ ማለትም ከአንዱ ሪሊዝ እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ፣ አሳጥሩ። ቀጣዩ ሪሊዝ ከዓመት በኋላ ከሆነ ፕሮግራመሩ ያላለቀ ሥራውን በመጨረሻው ሳምንት ለማስገባት ይታገላል፤ ካመለጠው ዓመት ሊጠብቅ ነዋ! የድረ ገጽ ማሰሻው ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 4 ሳምንት ዑደት ገብቷል። እንዲህ ባለ ዑደት ያልደረሰ ሥራ የሚጠብቀው አንድ ወር ብቻ ስለሆነ ግፊያው ይቀንሳል።

ደረጃ 2፦ ሪሊዝ የሚያስቆሙትን ስህተቶች አስቀድማችሁ ጻፉ

ሦስት ቀን ሲቀር ማንኛውም ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) «ትንሽ» ይመስላል። ዝርዝሩ በዑደቱ መጀመሪያ፣ ማንም ሳይጨነቅ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። መረጃ የሚያጠፋ፣ ሶፍትዌሩ እንዳይጫን የሚያደርግ፣ ከቀድሞው ቨርዥን መሸጋገርን የሚያከሽፍ፣ የደኅንነት ክፍተት የሚከፍት፣ ቀድሞ ይሠራ የነበረን ዋና ተግባር የሚያቆም ስህተት ሁሉ ያስቆማል። እያንዳንዱ መስፈርት «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ ይሁን፤ «በቂ ጥራት ከሌለው» የሚል መስፈርት ለክርክር እንጂ ለውሳኔ አይጠቅምም። ፌዶራ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዲህ ዓይነት የታተመ መስፈርት አለው፤ ከመልቀቁ በፊትም «ይውጣ ወይስ ይቆይ» ብሎ የሚወስን ስብሰባ ያካሂዳል።

ደረጃ 3፦ ከቀኑ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ለ12 ሳምንት ዑደት ጥሩ መነሻ ይህ ነው። 7 ሳምንት ለአዲስ ሥራ ይሰጥና በሩ ይዘጋል። ቀጣዮቹ 3 ሳምንታት ለማስተካከያ ብቻ ናቸው፤ የስክሪን ጽሑፎችም በዚሁ መጀመሪያ ላይ ይቆለፋሉ፣ አለዚያ ተርጓሚዎች በሚለዋወጥ ጽሑፍ ላይ ሲደክሙ ይከርማሉ። ከዚያ 1 ሳምንት ለሪሊዝ የታጨው እትም የሚፈተንበት ነው። የመጨረሻው 1 ሳምንት መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያውን ለየሥራው እያብቃቃችሁ አታከፋፍሉት፤ ሁሉም ድርሻውን ይጨርስና መጨረሻ ላይ ምንም አይተርፍም።

የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አዲስ ሥራ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ብቻ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ዕጩ እትም ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 7፣ አንዳንዴ 8። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚገባው ጥገና ነው።

አንድ ጥብቅ ሕግ ጨምሩ፦ በዕጩው እትም ላይ አንድ መስመር ኮድ እንኳ ከተነካ የፈተናው ቆጠራ እንደገና ይጀምራል፣ ቢያንስ 5 ቀን። በዋዜማው የገባ ጥገና ከጻፈው ሰው በቀር ማንም አልሞከረውም፤ ከፈወሰው በላይ የሚያሳምም ጥገና በብዛት የሚገኘውም እዚህ ነው። ባጉ ከደረጃ 2 ዝርዝር ውስጥ ካልሆነ ለቀጣዩ ማስተካከያ ይቆይ።

ደረጃ 4፦ ገጹን ሕያው አድርጉ

ቀኑ የሚጻፍበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን። ኮዱ በሚቀመጥበት ማከማቻ (ሬፖ) ውስጥ አንድ ፋይል አኑሩ፤ ድረ ገጹ ከዚያ ይነበብ፤ ሌላ ቦታ ሁሉ ሊንክ እንጂ ቀን አይጻፍ። በአራት ቦታ የተጻፈ ቀን ሦስቱ ላይ መሳሳቱ አይቀርም።

በእያንዳንዱ መስመር ቨርዥኑን፣ ያለበትን ሁኔታ (የታቀደ፣ በፈተና ላይ፣ የተራዘመ፣ የተለቀቀ)፣ የታለመውን ቀን፣ ድጋፉ የሚያበቃበትን ቀንና ገጹ መጨረሻ የታየበትን ቀን አስቀምጡ። ርቀቱ ሲጨምር እርግጠኝነቱ ይቀንስ፦ ከ3 ወር በላይ ለቀረው ሩብ ዓመቱን፣ ከዚያ ወዲህ ላለው ወሩን፣ አዲስ ሥራ መግቢያው በር ሲዘጋ ደግሞ ቀኑን ከአንድ ሳምንት ተለዋጭ ጋር ጻፉ። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ሰዓቱንም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) አስቀምጡ፤ 03/04 ለአንዱ ማርች 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው።

ለገጹ አንድ ባለቤትና አንድ ምትክ መድቡ። በየሳምንቱ ምንም ባይቀየርም ይዩት። በሰው ትውስታ ብቻ ግን አትመኩ፦ ኮድ በገባ ቁጥር በሚሮጠው አውቶማቲክ ፍተሻ ላይ፣ ቀኑ አልፎ ሁኔታው አሁንም «የታቀደ» የሚል መስመር ካለ ፍተሻው እንዲወድቅ አድርጉ። አሥር መስመር የማይሞላ ስክሪፕት ነው፤ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ደረጃ 5፦ በቁጥር ወስኑ

12 የሚያስቆሙ ባጎች ክፍት ናቸው እንበል። ባለፈው ሳምንት 8 ተዘግተው 5 አዲስ ተገኙ። የተጣራው ቅናሽ 3 ነው፤ በዚህ ፍጥነት 4 ሳምንት ይቀራል። ሪሊዙ ከ10 ቀን በኋላ ከሆነ ውሳኔው ዛሬ ነው። አዲስ የሚገኘው ከሚዘጋው እኩል ወይም በላይ ከሆነ ማንኛውም ቀን ግምት ስለሆነ «ቀኑ አልተወሰነም» ብላችሁ ጻፉ፤ አያሳፍርም።

ደረጃ 6፦ ካራዘማችሁ አንዴ፣ በበቂው አራዝሙ

በየሁለት ቀኑ ሁለት ሁለት ቀን መግፋት እምነትን ያሟጥጣል። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ለኤፕሪል የታቀደውን 6.04 በ6 ሳምንት አራዝሞ በጁን አወጣው፤ ቁጥሩም 6.06 ሆነ። በማስታወቂያው ላይ ምክንያቱን፣ አዲሱን ቀንና ተጠቃሚው እስከዚያ በየትኛው ቨርዥን እንደሚቆይ ጻፉ። የድሮውን ቀን አታጥፉት፤ መስመር ተሰምሮበት ይታይ። ውሳኔው በተላለፈ በ24 ሰዓት ውስጥ ገጹ ካልተቀየረ ወሬው ይቀድማችኋል።

ማራዘሚያው ደግሞ በሩን አይክፈት። «ጊዜ ከተገኘማ ይችን ፊቸር (አዲስ ተግባር) እንጨምር» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሷ አዲስ ባግ ታመጣለች፣ ባጉ ሌላ ማራዘሚያ።

የደኅንነትና ሌላም አስቸኳይ ጥገና ለብቻው መንገድ ይኑረው። የዳታቤዝ ሶፍትዌሩ ፖስትግሬስ የማስተካከያ እትሞቹን ፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ኦገስትና ኖቬምበር ላይ አስቀድሞ በታወቀ ቀን ያወጣል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ባወጣው ላይ ግን አንዳንድ ኤክስቴንሽኖችን (ተጨማሪ ሞጁሎችን) ሊያበላሽ የሚችል ለውጥ ተገኘና በሳምንቱ ከመርሐ ግብር ውጭ ሌላ እትም አወጣ። እናንተም በገጹ ላይ «አስቸኳይ ጥገና ከዚህ ሰንጠረዥ ውጭ ሊወጣ ይችላል» የሚል መስመር አስቀምጡ።

ከአምስት ሪሊዝ በኋላ የታለመውንና የወጣበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁልጊዜ 9 ቀን ገደማ የምትዘገዩ ከሆነ ፕሮግራመሮቹን ማጣደፍ ትታችሁ በሩ የሚዘጋበትን ቀን በ9 ቀን አስቀድሙት።