ቀለሃ ስታጸዱ እነዚህን አታድርጉ

የተተኮሰ ቀለሃ መልሶ ከመሞላቱ በፊት የሚጸዳው ለሁለት ነገር ነው። አሸዋና ጥላሸት ይዞ ዳይ (ቀለሃውን ወደ ልኩ የሚመልሰው የብረት ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ከገባ የዳዩን ግድግዳ ይጭራል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ዳይ የሚያልፍ ሁሉ ጭረቱን ይዞ ይወጣል። ጥቀርሻ በጋገረ ናስ ላይ ደግሞ ስንጥቅ አይታይም። ጀማሪ ግን የሚጨነቀው እንደ ወርቅ ለማብረቅረቁ ነው፣ ከታች ካሉት ጥፋቶች አብዛኞቹም የሚመጡት ከዚሁ ጭንቀት ነው። (ይህ ሁሉ ግለሰብ የራሱን ጥይት እንዲሞላ ሕግ ለሚፈቅድበት አገር ነው፤ ለምሳሌ ለአሜሪካ።)

ሳይለዩ አንድ ላይ መክተት። ከተኩስ ሜዳ የተለቀመውን መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት፤ ማግኔቱ ከያዘው፣ ናስ የተቀባ ብረት ነው፤ አውጡት። አልሙኒየሙንም እንዲሁ። የ9 ሚሊ ሜትሩ ቀለሃ በ.40ው ውስጥ፣ .40ው በ.45ቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ እንዲህ ተዋውጠው ከታጠቡ አንዱም በደንብ አይጸዳም። ውስጡን በብርሃን ስታዩ በመሃል አንድ ቀዳዳ ካለው ደህና ነው፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉት በርዳን የሚባለው ዓይነት ስለሆነ የተለመደውን የፕራይመር (ግርጌው ላይ ሆኖ ባሩዱን የሚለኩሰው) ማውጫ መርፌ ይሰብራል። በመካከል ያልተተኮሰ ጥይት ሊኖር ስለሚችል እያንዳንዱ በእጅ ይታይ።

በግምት መለካት። በውሃና በስቴይንለስ ስቲል ፒን ለሚያጥብ፣ 15 ፓውንድ ለሚችል ታምብለር (ቀለሃ እያሽከረከረ የሚያጸዳ ማሽን)፣ ልኩ ይህ ነው፦ 2 ፓውንድ ቀለሃ፣ 5 ፓውንድ ፒን፣ 1 ጋሎን ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሽከረከር ካደረ ቀለሃዎቹ እርስ በርሳቸው እየተቀጠቀጡ የአፋቸው ጠርዝ ያብጣል። ፕራይመሩም ከመታጠቡ በፊት ማውጣት ብቻ በሚሠራ ዳይ ይውጣ፤ ሳይወጣ ከታጠበ የተቀመጠበት ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል።

ፒኖቹን ሳይቆጣጠሩ ማለፍም አለ። የተለመደው ፒን ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የፕራይመሩ እሳት ወደ ባሩዱ የሚያልፍበት የመሃሉ ቀዳዳ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ሁለት ፒኖች ጎን ለጎን ሲገቡ ጥርቅም ብለው ይቀራሉ። ቀለሃውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በቀዳዳው እዩ፤ የተሰነቀረውን በወረንጦ አውጡ።

«ከውጭ ደርቋል» ብሎ ባሩድ መጨመር። የጠርሙስ ቅርጽ ባለው የጠመንጃ ቀለሃ ውስጥ ጠብታ ትከሻው ሥር ተደብቃ ትቀራለች። ያ ባሩድ ከረጠበ በደጉ ጊዜ ይከሽፋል። በክፉው ጊዜ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ መሃል ያቆመዋል፤ ተኳሹ ደከም ያለ ድምፅ ሰምቶ ሌላ ከተኮሰበት አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ድምፁ ከወትሮው ካነሰ ወዲያው አቁሙ፣ መሣሪያውን አራግፉ፣ አፈሙዙን ሳታዩ አትቀጥሉ። ለማድረቅ ቀለሃውን በፎጣ ውስጥ አንገዋሉት፣ ከዚያ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። የቸኮለ የምግብ ማድረቂያ ማሽን ገዝቶ ለዚሁ ብቻ ይመድብ። ምግብ የሚበስልበት ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ አንድም ከፕራይመሩ የቀረ መርዛማ እርሳስ አለበት፣ አንድም ሙቀቱ ከእጅ ካመለጠ ናሱ ይለሰልሳል። ግርጌው የለሰለሰ ቀለሃ ግፊቱን አይችልም፣ መልሶ የሚያጠነክረው መንገድም ቤት ውስጥ የለም።

አሞኒያ ያለበት መወልወያ። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ወታደር የልብስ ቁልፉን፣ ቤተሰብ መቅረዙን ሲወለውል የኖረበት ነገር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ብራሶን በመሰሉ ፈሳሽ መወልወያዎች ውስጥ አሞኒያ አለ። መቅረዝ ግፊት የለበትም። ቀለሃ ግን ከ70 በመቶ መዳብና ከ30 በመቶ ዚንክ የተሠራ፣ በጫና እየተሳበ የተቀጠነ፣ ያንን ጫና በውስጡ ይዞ የሚኖር ዕቃ ነው። አሞኒያና እርጥበት ሲያገኙት የናሱን ቅንጣቶች መጋጠሚያ እየበሉ ይሰነጥቁታል። ይህ በታሪክ የታወቀ ነው። ሕንድ በነበረው የእንግሊዝ ጦር ዘንድ በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጣ የተከማቸ ጥይት ቀለሃው እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን በ1921 እ.ኤ.አ. ጥፋቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከናሱ የውስጥ ጫና ጋር ተዳምሮ መሆኑን አስረዱ። በጋጣ አየር ውስጥ ያለው አሞኒያ ይህን ካደረገ፣ በጨርቅ ተነክሮ የሚታሸው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ስንጥቁ ወዲያው ስለማይታይ «እኔ ስጠቀምበት ምንም አልሆነም» የሚለው መልስ አያሳምንም። ለናስ ቀለሃ ተብሎ የተሠራ፣ አሞኒያ እንደሌለበት የተጻፈበትን መወልወያ ግዙ። ጽሑፉ ከሌለ አትግዙ።

በረኪናም ናስ ይበላል። በረኪናንና አሞኒያን መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው ይጎዳል። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ይባስ ብሎ ጨው መጨመር፣ ዚንኩን ከናሱ ያወጣል። ቀለሃው ሮዝ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ለደቂቃዎች ብቻ በሳሳ አሲድ ቆይቶ ላይ ላዩን የቀላ ሊድን ይችላል፤ አድሮበት ከሆነ ግን አትሙሉት።

በሽቦ ብሩሽ፣ በብረት ሱፍና በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፦ ናሱን ያሳሳል። አይደረግም።

አቧራውን መናቅ። በተለመደው ፕራይመር ውስጥ እርሳስ አለ፤ ከተኩስ በኋላ ቀለሃው ውስጥ ይቀራል፣ ያለ ውሃ በሚያጸዳ ደረቅ ታምብለር ውስጥ ደግሞ ለማጽጃ ከሚጨመረው ከተፈጨ የዎልነት ቅርፊት ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር አቧራ ይሆናል። ክዳኑን ከፍቶ ሳሎን ውስጥ ማንቀሳቀስ፣ በወጥ ቤት ወንፊት መንፋት፣ በተራ ቫኪዩም መጥረግ (እሱ መልሶ አየሩ ላይ ይበትነዋል) ሦስቱም ልጆችን ይነካል። ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም፤ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትትል የሚያስፈልገውን የደም መጠን 3.5 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር አድርጎታል። ክዳኑ ይዘጋ፣ ሥራው ውጭ ይሁን፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ እርጥብ የወረቀት ፎጣ አብራችሁ ጨምሩ፤ አቧራውን ይይዘዋል። ጓንት አድርጉ፣ የወደቀውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። እጥበቱ የወጣውን ጥቁር ውሃም ጎመን ወደተተከለበት ጓሮ አትድፉ፤ የአካባቢያችሁ የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይወስደዋል።

ካበራ ደህና ነው ማለት። የጸዳውን መርምሩት እንጂ አትደርድሩት። ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚዞር ነጣ ያለ መስመር ካለ ውስጡ ሳስቷል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ሊበጠስ ይችላል። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርጉና ጫፉን ወደ ጎን አጥፉት፣ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ስትስቡት ጎድጓዳው ላይ ያዝ ያደርጋችኋል። የአንገት ስንጥቅም በአጉሊ መነጽር ይታይ። በምርመራው የወደቀውን ቀለሃ አፉን በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ስጡት፤ ሳይጨፈለቅ የተጣለ ቀለሃ ሌላ ሰው አንሥቶ ይሞላዋል።