ከባሕር ዳር ተነስቶ በባቡር ድሬዳዋ ለመሄድ

ባቡር ሲባል እናቴ ትዝ የሚላት ወፍጮ ነው። ጤፍ አስፈጭታ ስትመለስ እስከ ዛሬ «ባቡር ደርሼ መጣሁ» ነው የምትለው። ሰው የሚጭነው ባቡር ግን ባሕር ዳር አይደርስም። ስለዚህ ከጣና ዳር ተነስቶ በባቡር ድሬዳዋ መሄድ ያማረው ሰው ሁለት ጉዞ አለበት፤ አንዱ እስከ አዲስ አበባ፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ። ሁለተኛው ቀላል ነው። ነገር የሚበላሸው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ የባቡሩን ቀን እወቁ። ባቡሩ በየቀኑ አለ ብላችሁ እንዳትወጡ፤ ፕሮግራሙ ይቀያየራል። ደውሉ፣ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ይጠይቅላችሁ። ሲነግሯችሁ ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አጣሩ። ሰዓቱንም እንደዚያው። 8:00 የሚለውን «ስምንት ሰዓት» ብላችሁ አንብባችሁ ምሳ በልታችሁ ብትመጡ ባቡሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቷል።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ባቡሩ ሐሙስ ጠዋት ከሆነ ከባሕር ዳር ማክሰኞ ውጡ። አዎ፣ ማክሰኞ። በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ቢነሳም ከደጀን በኋላ የአባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ፣ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከተበላሸ ደግሞ ከኋላው ያለው ሁሉ ተሰልፎ መቆም ነው። እኔ አንዴ «ረቡዕ ብወጣ ምን አለበት» ብዬ ወጣሁ። ጎሃ ጽዮን ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ገብቼ፣ ልብሴን ሳልቀይር ነው ጣቢያ የሄድኩት። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመውጣታችሁ በፊት መናኸሪያ ጠይቁ። አቅም ያለው ይብረር፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

አዲስ አበባ ስትገቡ ለባለታክሲው «ባቡር ጣቢያ» አትበሉት። እኔ ብዬው ለገሃር ወስዶ አወረደኝ! ለገሃር የድሮው የፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያ ነው። አሁን የሚሠራው፣ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። ከተማ ውስጥ የሚሄደው ቀላል ባቡርም እዚያ አይደርስም። ማደሪያ ለቡ ወይ ጀሞ አካባቢ ፈልጉ፤ ጠዋት ከመርካቶ ተነስቼ እደርሳለሁ ማለት ራስን መቅጣት ነው።

ረቡዕን ለትኬት ተጠቀሙበት። መታወቂያ ያዙ። እስከ ጅቡቲ ከሆነ ፓስፖርት፣ ቪዛውንም ቀድማችሁ ጨርሱ። ወንበር አለ፣ አልጋ አለ። ጠንካራ አልጋ የሚሉት ስድስት ሰው በሦስት ደርብ የሚተኛበት ነው፣ ለስላሳው አራት ሰው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እስከ ድሬዳዋ ወንበር ይበቃል፤ ጉዞው በቀን ነው፣ ማን ይተኛል? ወንበሩ በአንድ ወገን ሦስት ሦስት፣ በሌላው ሁለት ሁለት ነው። ከቻላችሁ ሁለቱ ጋ፣ መስኮት በኩል። አዳማን አልፋችሁ መተሐራ ስትደርሱ በሰቃ ሐይቅ አለላችሁ። ጥቁር ድንጋይ መሃል የተኛ ጨዋማ ውሃ ነው፣ በየጊዜው እየሰፋ መሬት ይበላል። ለጣና ልጅ ሐይቅ አዲስ ባይሆንም እኔ ግን ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ነው ያየሁት።

ስንቅ ከቤት ያዙ። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ ይሆናል። የተጠበሰ የጣና አሳ ግን ይቅርባችሁ። ፉርጎው ሙሉ ሰው ይጠላችኋል፣ ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ እናንተም ራሳችሁን ትጠላላችሁ። ውሃ ደርቡ፤ ግመልና ከብት ሃዲዱ ላይ ከገባ ወይም መብራት ከጠፋ ባቡሩ መሃል ሜዳ ላይ ይቆማል። ወፍራሙን ጃኬት ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።

ድሬዳዋ ላይ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ከከተማው መሃል ያለው የድሮው ነው። ባጃጅ ወይ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። ከጣቢያው ሳትወጡ ደግሞ የመመለሻውን ቀን ጠይቁና ከተቻለ ትኬቱን እዚያው ቁረጡ፤ ለትኬት ብቻ ከከተማ መመለስ በዚያ ፀሐይ አይሞከርም።