ኮምፓይል ለምታደርጉ፦ ስላክዌርን ሙሉውን ጫኑ

ደሴና ኮምቦልቻ በሞባይል ዳታ ለምትሠሩ። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ ከሶርስ ኮምፓይል ስታደርጉ፣ ማለትም የፕሮግራሙን ኮድ ራሳችሁ ወደሚሠራ ፕሮግራም ስትቀይሩ፣ “ሄደር ፋይል የለም” ብሎ ይቆማል። ላይብረሪው (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) አለ፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚገልጸው ሄደር ግን “ዴቭ” በሚባል ሌላ ፓኬጅ ነው የሚመጣው። አንዱን ስታወርዱ ሌላ ይጠይቃል፣ የገዛችሁት ጊጋ እልም።

ዋይፋይ ካለበት ስላክዌር 15.0ን (ይሄም የሊኑክስ ዓይነት ነው) አንዴ በፍላሽ ያዙ። ስትጭኑ “ፉል” የሚለውን ምረጡ፣ 20 ጊጋ ያህል ቦታ ተዉለት። ጂሲሲው (ኮምፓይለሩ)፣ ሜኩ (ኮምፓይሉን በተራ የሚያስኬደው)፣ የላይብረሪዎቹ ሄደር ሁሉ አብሮ ይገባል፤ ከዚያ ያለ ኔት ትሠራላችሁ።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ (ይሄዳላ!) መጨረሻ የተጻፉትን የዶት ኦ ፋይሎች (ኮምፓይለሩ ከየኮድ ፋይሉ የሚያወጣቸውን) ሰርዙና ሜክን ድገሙት። ያለቀውን ትቶ ከቀረው ይቀጥላል።

ፕሮግራሙ ብዙ ተጨማሪ ላይብረሪ ከፈለገ ግን ይቅርባችሁ። ስላክዌር የጎደለውን ራሱ ፈልጎ አያመጣም፤ ለዚያ ዴቢያን ይሻላል።