ያረጀ ሞኒተር በትንሽ በጀት ለመቀየር
መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለውን ሶኬት ይዩ። ባለ 15 ቀዳዳው ቪጂኤ ብቻ ከሆነ፣ ቪጂኤ ያለው ሞኒተር ቢፈልጉ ይቀላል። ካልተገኘ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ (አዳዲስ ሞኒተሮች ላይ ያለው ጠፍጣፋ ሶኬት) የሚቀይር ይግዙ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፦ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው መልኩ ይመሳሰላል፣ ገልብጠው ቢሰኩት ግን አይሠራም።

22 ወይም 24 ኢንች፣ ጥራቱ 1920 በ1080 ነጥብ፣ ስክሪኑ አይፒኤስ (ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙም የማይለወጥ ዓይነት) ከሆነ በቂ ነው። በዚሁ ጥራት 27 ኢንች ፊደሉን ያሻክረዋል።

አዳማ ላይ ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል በርቶ ይቆይ፤ አንዳንዱ ብልሽት ሲሞቅ ነው የሚወጣው። ሙሉ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ የሚበራ ነጥብ ካዩ ዋጋ ያስቀንሱ። መስመር ከሆነ ግን በርካሽም አይውሰዱት።