አጭር የጸደይ ስኪ ጉዞ በአልፕስ ተራሮች፦ እንዴት ይታቀዳል?

በአልፕስ ተራሮች ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ያለው ጊዜ ስኪ ለመልመድም ሆነ ለመዝናናት ከሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ቀኑ ረዝሟል፣ ጸሐዩ ይሞቃል፣ ከፍታው ላይ በረዶው ገና ወፍራም ነው፣ በፌብሩዋሪ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሊፍት (ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣው የገመድ መጓጓዣ) ሥር የሚፈጠረው ረጅም ሰልፍም አልፏል። ይሁንና ሳምንት የሚቆይ ሰው አንድ ቀን ቢበላሽበት ነገ አለው፤ ለሦስት ቀን ለሄደ ሰው ግን አንድ ቀን የጉዞው ሲሶ ነው። ስለዚህ የሆቴል ዋጋ ከማየታችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ፦ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደምትወጡና በስንት ሰዓት በረዶው ላይ እንደምትገኙ።

ከፍታውን አስቀድሙ

ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ያሉ መንደሮች በጸደይ ሣር አብቅለው ሊጠብቋችሁ ይችላሉ። ማርች መጨረሻ ላይ የምትሄዱ ከሆነ አብዛኛው የስኪ መስመር ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነበትን ቦታ ፈልጉ። ኤፕሪል አጋማሽ ካለፈ ደግሞ መንደሩ ራሱ ከፍ ያለ ይሁን፣ ወይም በበጋም ቀልጦ የማያልቅ የበረዶ ግግር ያለበት ይሁን።

ፈረንሳይ ውስጥ ቫል ቶራንስ በ2,300 ሜትር ላይ ያለ፣ በአውሮፓ ከፍተኛው የስኪ መንደር ነው። ይህ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው እንቅልፉ አይረበሽም፣ ከለንደን ወይም ከአምስተርዳም የሚመጣ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱን ሊያመው ስለሚችል ውኃ በደንብ ይጠጣ፣ አልኮልም ይተው። እዚያው ፈረንሳይ ያለችው ቲኝ በ2,100 ሜትር ላይ ተቀምጣ ግራንድ ሞት በተባለው ተራራ በኩል ከ3,400 ሜትር በላይ ታወጣለች። በስዊዘርላንድ ዘርማት ሊፍቱ 3,883 ሜትር ድረስ ይወስዳል፣ በበረዶው ላይ ተንሸራትቶ ድንበር ተሻግሮ ጣሊያን ቼርቪኒያ መግባትም ይቻላል። ዘርማት መኪና አይገባባትም፤ የመጨረሻው መንገድ በባቡር ነው፣ ኪስም ትጎዳለች።

ለአጭር ጉዞ ግን የእኔ ምርጫ የኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ናት። ከተማዋ የራሷ አየር ማረፊያ አላት፣ ከሙኒክም በባቡር ትደረሳለች። የስቱባይ ግግር በረዶ ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ይወጣል፣ አውቶቡስም ይሄዳል። ከተማ ውስጥ አድራችሁ ጠዋት የአየሩን ሁኔታ አይታችሁ መወሰን ትችላላችሁ፤ ተራራው በጉም ከተሸፈነ ቀኑ በሙዚየምና በአሮጌው ከተማ ያልፋል እንጂ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ አያልቅም።

ቀኑን መምረጥ

የምዕራባውያን ፋሲካ ሰሞን ዋጋው ይወደዳል፣ ሰዉም ይበዛል። በ2027 እ.ኤ.አ. የእነሱ ፋሲካ ማርች 28 ሲውል የእኛ ሜይ 2 ነው፤ ስለዚህ ከእነሱ በዓል በኋላ ያለው የኤፕሪል ሳምንት ረገብ ይላል፣ ለእኛ ግን ሙሉ በሙሉ ሁዳዴ ውስጥ ነው። የአልፕስ ምግብ ቤቶች ገበታ አይብና ቅቤ ላይ የቆመ ነው። የምትጾሙ ከሆነ ኩሽና ያለው አፓርትመንት ተከራዩ፣ ሽሮና ምስር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጾመኛ ሆኖ በባዶ ሆድ መንሸራተት ደግሞ ጉልበትንም ትኩረትንም ስለሚያሳጣ የጾማችሁን ሰዓትና የስኪውን ሰዓት አስቀድማችሁ አስማሙ።

ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ማረፊያዎች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ብቻ ያከራያሉ፣ ወደ እነ ቫል ቶራንስ መውጫ ወደ ሆነችው ሙቲየር ከተማ የሚወስደው መንገድም ቅዳሜ ይጨናነቃል። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ ሦስት ሌሊት ማግኘት ይቀላል። እሑድ ገብቶ ረቡዕ ወይም ሐሙስ መውጣት ከሁሉ ይሻላል።

ወረቀት

ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ሁሉም በሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚገባበት የአውሮፓ አገሮች ቀጠና፣ ውስጥ ናቸው። ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል። ከእንግሊዝ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚነሳ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው። ለቪዛው የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ የጉዞ ኢንሹራንስ ስኪን የማይሸፍን ሊሆን ስለሚችል ውሉን አንብቡ። ከተራራ ላይ ማንሳትን፣ ሄሊኮፕተርን ጨምሮ፣ መክፈሉን አረጋግጡ። በጣሊያን ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ ሳይኖር መንሸራተት በሕግ አይፈቀድም።

ዕቃና አስተማሪ

ስኪውን፣ ዱላውን፣ ቡቱንና ሄልሜቱን እዚያው ተከራዩ፤ የሚቻል ከሆነ በደረሳችሁበት ማታ ውሰዱ፣ ጠዋት በሱቅ ሰልፍ የሚያልፈው ምርጡ ሰዓት ነውና። ቡቱን ስትለኩ አንድ ስስ ረጅም ካልሲ ብቻ አድርጉ። ቆማችሁ ጉልበታችሁን ወደፊት ስታጥፉ ተረከዛችሁ ከፍ የሚል ከሆነ ሰፍቷችኋል፣ ቁጥር ዝቅ በሉ። ክብደታችሁንና ችሎታችሁን ሲጠይቋችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ ስትወድቁ ስኪው ከእግራችሁ እንዲላቀቅ የሚያደርገው ማሰሪያ የሚስተካከለው በዚያ መልስ ነው። ከታች ጥጥ አትልበሱ፣ ላብ ይዞ ያበርዳል። ተደራራቢ ስስ ልብስ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ሁለት ጥንድ ጓንት በቂ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ ጓደኛ ያስተምረኛል አትበሉ። የቡድን ትምህርት ብዙ ጊዜ ለሳምንት ስለሚደራጅ ለአጭር ጉዞ የግል አስተማሪ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ተካፍላችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ያዙ። ስኪ የእኛ ነገር አይደለም የሚል ካለ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እዚሁ አልፕስ ሥር ቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ የኢትዮጵያን ስም አስጠርቷል፤ በክረምት ኦሊምፒክ አገራችንን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ቀኑን በሰዓት ከፋፍሉ

ከዚህ በታች ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይከፈታል። ሰማዩ ጠርቶ ካደረ የበረዶው ሙቀት ወደ ሰማይ ስለሚያመልጥ ላዩ በውርጭ ይጠነክራል፤ ልምድ ያለው ይደሰትበታል፣ ጀማሪ ግን በስኪው ጠርዝ በረዶውን ነክሶ መቆም አይችልምና አንድ ሰዓት ይታገስ። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ወርቃማው ጊዜ ነው። ጸሐይ ላዩን ስታላላው በረዶው እንደ ሻካራ ጨው ቅንጣት ቅንጣት ይሆናል፣ ስኪው ያለ ድካም ይታጠፋል፣ መውደቅም አይጎዳም። ጸሐይን ተከተሉ፦ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የዞረውን ዳገት፣ ቀጥሎ የደቡቡን፣ በመጨረሻ የምዕራቡን። ሌሊቱ ደመናማ ከነበረ ግን በረዶው ሳይጠነክር ስለሚያድር ከጠዋቱ ጀምሮ ለስላሳ ነው፤ ያን ቀን በሊፍት መክፈቻ ሰዓት ውጡ።

ከ7 ሰዓት በኋላ ዝቅ ያለው ክፍል ውኃ ይቋጥርና ይከብዳል። ጉልበት የሚጣመመው እግር ሲደክምና ስኪው እዚህ ከባድ በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር ነው። ወይ ወደ ሰሜን ወደዞረውና ከፍ ወዳለው ክፍል ውጡ፣ ወይ አቁሙ። ከሰዓት በኋላ እርጥብ የበረዶ ናዳም ይነሳል፤ የናዳ አደጋ መጠን ከ1 እስከ 5 በየቀኑ ይወጣል፣ ጠዋት ዝቅተኛ የነበረው ከቀትር በኋላ ከፍ ሊል ይችላል። ምልክት የተደረገበትን መስመር አትልቀቁ። በግግር በረዶ ላይ መስመሩን የሚከልለውን ገመድ ተሻግሮ መሄድ ደግሞ በስስ በረዶ የተሸፈነ ጥልቅ ስንጥቅ ውስጥ ያስገባል። ለአደጋ ጊዜ 112 ይደወላል።

ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን አትመኑ። አዲስ በረዶ አብዛኛውን የጸሐይ ጨረር መልሶ ወደ ፊታችሁ ይወረውራል፤ ከንፈርን፣ የአፍንጫን ሥርና አገጭን ጨምራችሁ የጸሐይ ክሬም ተቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ። መነጽር ሳያደርጉ መዋል ማታ ዓይንን በኃይል ያቃጥላል።

የመጨረሻው ቀን

የመልስ በረራችሁን ከሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ሻንጣችሁን ጠዋት ዘግታችሁ ሆቴሉ ጋ ተዉት፣ እስከ 6 ሰዓት ተንሸራተቱ። እግራችሁ ከደከመ የመጨረሻውን ቁልቁለት በስኪ አትውረዱት፤ በሊፍት ውረዱና ዕቃውን መልሱ።