ሽሮውን ለጾም ብቻ አታስቀምጡት

ፍስክ ሲገባ ምስርና ሽሮ ከብዙ ቤት ገበታ ይጠፋሉ። አታጥፏቸው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋትን ከሚቀንሱ ነገሮች አንዱ ፋይበር (ሰውነታችን የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል) ነው፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ደግሞ በፋይበር የታወቁ ናቸው። ፋይበር ሰገራ አንጀት ውስጥ ብዙ እንዳይቆይ ያደርጋል፤ እዚያ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይመገቡታል።

ሥጋ ይቅር አላልኩም (እኔም አልችለውም!)። ጎመን በሥጋ ስትሠሩ ግን ጎመኑ ድስቱን ይሙላው፣ ሥጋው ለጣዕም ያህል ጣል ጣል ይበልበት።

ጠንከር የምለው በሞርታዴላና በሶሴጅ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት፣ አንድ ሶሴጅ ማለት ነው፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋትን በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለልጆች የትምህርት ቤት ምሳ ከሞርታዴላ ሳንድዊች ይልቅ እንቁላል ወይም የምስር ሳምቡሳ ቋጥሩላቸው።

መጠጥ ቀንሱ፣ ሲጋራ ተዉ። ከታክሲም አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ፤ በአዲስ አበባ መንገድ መዘጋጋት እኮ አንዳንዴ እግረኛው ይቀድማል።

ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ግን «ኪንታሮት ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ሐኪም ይየው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ 45 ዓመት ከሞላችሁ፣ ምንም ባያማችሁም ስለ ቅድመ ምርመራ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ወላጅ ወይም ወንድም እህት በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ከዚያም ቀድሞ ይጠይቅ።